አምናን ያስረጀው ማስጠንቀቂያ

የብርጓል አካሉ የሚባለውን ወጣት መጀመሪያ ስታየው ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ላፕቶፕና ዲስክ በአባቱ ነጠላ ጠቅልሎ፣ በቀጥታ ከጀልባ ወርዶ ቢሮዋ ገብቶ ነበር። እሷ ባሕር ዳር የአንድ ኮሌጅ መዝገብ ጠባቂ ናት። እሱ የአባቱን የመሪጌታ ገድሉን ዜማ ደሴት ድረስ እየሄደ የሚቀዳ፣ መጠባበቂያ ቅጂውን በየጊዜው በዲስክ እያመጣ እሷ ዘንድ የሚያስቀምጥ ነው። አንዱን ዜማ ከላፕቶፑ ሲያሰማት ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «በስመ አብ» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። ፍቅር እንደሁ ምክንያት አያጣም።

ክረምቱ ሳይወጣ መሪጌታ አረፉ። በአርባቸው ማግስት ደግሞ ላፕቶፑ ከጀልባ ላይ ጣና ገባ። የቀረው ዲስኩ ብቻ ሆነ።

የብርጓል ዲስኩን ስትሰካው ፕሮግራሙ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣባት፤ ይህ ቅጂ ስምንት ዓመት አልፎታል፣ አዲስ መዝገብ የለበትም፣ አይቀጥሉ። የመሪጌታ ድምፅ የለበትም ማለት ነው ብላ ነቀለችው። በመጨረሻ ስትረከበው ከፍታ አላየችውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣች። ደረጃ ስትወጣ፣ ሐይቁ ዳር ስትሄድ፣ ያ የጉሮሮ ጠረጋ ከኋላዋ ይሰማታል። ዘወር ስትል ማንም የለም። አካሉ ሲደውል «ነገ» እያለች ሁለት ወር ገፋች። ምን ትበለው? አባትህን ዳግመኛ ገደልኋቸው ትበለው?

እሱ ደግሞ ተጠላሁ ብሎ ደመደመ። አንድ ቀን ከሰዓት መጣ፤ ተቀመጥ ብትለውም አልተቀመጠም።

«ካልፈለግሽኝ ቁርጤን ንገሪኝ። ዲስኩን ግን ስጪኝ።»

እንባዋ ቀደማት። «አካሉ... የሉም። እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው» ብላ ማስጠንቀቂያውን አሳየችው።

አጎንብሶ አነበበና ቀኑ ላይ ቆመ።

«2017 ይላል። ይሄማ አምና ነው! የላፕቶፑን ቀን በእኛ አቆጣጠር የሞላሁት እኔ ነኝ። አባባ የፈረንጅ ቀን ቤታችን አይገባም ስላሉኝ...»

ለካ ፕሮግራሙ በፈረንጅ ቆጥሮ ኖሯል አምናን ያስረጀባት። ማሽን መቼ ያፍራል፤ ሳያውቅ ደፍሮ ይናገራል።

«ቀጥል» የሚለውን አብረው ተጫኑት። ጉሮሮ ተጠረገ። የብርጓል አሁን ዘወር አላለችም።

አካሉ የመጨረሻውን ቀረጻ ከፈተ። በአፉ መናገር አፍሮ ይህን ሊያሰማት ኖሯል ያን ሁሉ የደወለው። መሪጌታ ዜማውን ጨርሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያችን የመዝገብ ቤቷን ልጅ ወደድኋት ብለኸኛል። እኔ ባልደርስ... አባቴ ልጄ ብሎሻል በላት።»

ፊቷን በመዳፏ ሸፍና አለቀሰች፤ እሱም ጎኗ ተቀመጠ።

የሙት ዓመታቸው ሲያልፍ ተጋቡ። ያ የጉሮሮ ጠረጋ ዛሬም አልፎ አልፎ ከኋላዋ ይሰማታል። «አቤት አባባ» ትላለች እንጂ አትደነግጥም።