እብነበረዱ ውስጥ የቀረው ዘፈን

ሽማግሌው ቡራራም አዲሱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ዝቅ ባለች የእንጨት በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ሰማያዊው ሴራሚክ ላይ አስደግፈው ሞተው ተገኙ። ፊታቸው ከሰርግ ቤት እንደተመለሰ ሰው ቀልቷል። ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፣ የውሃ ማሞቂያው የጋዝ እሳት ገና ይነድዳል፤ የሳሙናው አረፋ በነጩ የመክራና እብነበረድ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ማፍሰሻው ይሄዳል።

ኢንስፔክተር ኬሳር ሚና ስትደርስ በሩ ተገንጥሎ ነበር። ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር በትከሻው የሰበረው ልጃቸው ዳንራጅ ነው። ይህች ሴት በኪሻንጋር ከተማ የምትታወቀው ሄል በማኘክና ሰው ሲያለቅስ ፊቱን ትታ እጁን በማየት ነው። የዳንራጅ እጅ ደጋግሞ ባዶ ራሱን ይዳስስ ነበር።

«ማዳም፣ ግንበኛው ነው አባቴን፣ ባውጂን የገደለብኝ!» አለ። «ማሞቂያውን የገጠመው እሱ ነው። ሴራሚኩን የለጠፈው፣ እብነበረዱን ያነጠፈው እሱ ነው። ልጄን ለማጨት እንግዶች በመጡበት ቀን አባቴን አሳጣኝ!»

ግንበኛው ሹብራቲ ግቢው ውስጥ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሞ እግሩን ያያል። ከጁምዓ ጸሎት ሲመለስ ነው የያዙት። ሐኪሙ ብዙ አልተከራከረም፤ ሽማግሌው የሞቱት ከሰል እንዳፈነው ሰው ነው፣ ሽታ በሌለው ጋዝ። ይህ ከተሰማ በኋላ ሰፈሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨረሰ። ዳንራጅ የታወቀ የእብነበረድ ነጋዴ፣ ሹብራቲ ደግሞ ከግንበኛ ማንካና ከውሃ ልክ በቀር ምንም የሌለው ምስኪን ነውና፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ ነገሩ። ከተፈረደበት እስሩ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሞተበትን ቤት የሠራ ግንበኛ ዳግመኛ ማንም ደጁን አያስረግጠውም። የሹብራቲ ሚስት ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ፊቷን ሸፍና ተቀምጣ ቀረች።

ኬሳር ግን የተገነጠለውን በር ወደ ቦታው አስደግፋ፣ ማሞቂያውን ለኮሰችና ክብሪት ጭራ አጠፋች። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣና ከጣሪያው ሥር ባለችው መስኮት ሾልኮ ሄደ። መስኮቷ እንደ ወንፊት የተበሳሳች እብነበረድ ስትሆን ወደ ጓሮው ቀጭን መንገድ ትከፈታለች። እሳቱ ሰማያዊ ነው፤ ቱቦው አንድም ቦታ አያፈስም።

«ቤቱ ይተነፍሳል» አለች ለራሷ። «ታዲያ ሰውየው ለምን ታፈኑ?»

ወደ ጓሮው ዞረች። መስኮቷ ከፍ ያለች ናት፤ እጅ ይደርስባታል፣ ዓይን ግን አይደርስባትም። ኬሳር ድንጋይ ላይ ወጥታ ጠርዟን ተመለከተች። በውጭ በኩል የተለሰነው ነጭ ሲሚንቶ ከሌላው አዲስ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ የተደራረቡ ቀጫጭን እጥፋቶች ታትመውበታል፤ በአንዱ ጥግ ብርቱካንማ ቀለም ነክቶታል። በአውራ ጣት ጥፍሯ ዳሰሰችውና ወረደች።

ሹብራቲን እስር ቤት ሄዳ አነጋገረችው።

«የመስኮቱን ጠርዝ መቼ ነካኸው?»

«የዚያን ዕለት ጠዋት ማዳም። ተሸርፎ ነበር፤ በነጭ ሲሚንቶ ደገምኩትና ወደ መስጊድ ሄድኩ። ሳይደርቅ ነው የተውኩት።»

«ሽማግሌው መታጠቢያ ቤቱን ሲያዩት ምን አሉ?»

ሹብራቲ ፈገግ ሊል ቃጣው። «ጫማቸውን አውልቀው ነው የገቡት። 'ሹብራቲ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ድንጋይ ስጎትት ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩበትም' አሉኝ።»

«ስጎትት? የነጋዴ ዘር አይደሉም እንዴ?»

ግንበኛው ምላሱን ነከሰ። «እሱን እንኳ… ጌታው ዳንራጅ እንዳይነገር ብሏል።»

«አንተን አሳስሮህም ምስጢሩን ትጠብቅለታለህ?»

«የሱን አይደለም፣ የሳቸውን ነው» አለ። ቆይቶ ግን ተናገረ፤ «እብነበረድ የሚወጣበት ካባ ውስጥ ድንጋይ የሚጎትቱ ገመድ ሳቢ ነበሩ፣ ከአባቴ ጋር። ገላቸውን ሲታጠቡ የሚዘፍኑት ያንኑ የሳቢዎቹን ዘፈን ነው። ትንሽ ብልግና አለበት። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ከዚያ ድንጋዩ ይሳባል። ሳቢ ካልሆነ በቀር የሚያውቀው የለም።»

የዳንራጅን ሚስት ሱሺላን ማድ ቤት አገኘቻት። ሽንኩርት ትከትፋለች፤ የሚበላ ሰው ግን ቤቱ ውስጥ የለም።

«መስኮቱን ማን ዘግቶት ነበር?»

«ማንም! ማን ይደፍራል? 'የጋዝ ነገር ነው፣ ፎጣ እንኳ እንዳታሰጡበት' እያለ ሲጮህብን የከረመው ራሱ ዳንራጅ ነው።»

«ሽማግሌው አልመልስ ሲሉ እሱ ምን አደረገ?»

«እኔ በሩን ስደበድብ እሱ በጓሮ ሮጠ፣ በመስኮቱ ሊያያቸው። ከዚያ ተመልሶ በሩን ሰበረ።»

«በመስኮቱ ሊያያቸው?»

«እንደዚያ ነው ያለው» አለች ሱሺላ። ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። ቀና ብላ ኬሳርን አላየቻትም።

የቀሩት እንግዳው ናትማል ናቸው፤ የሙሽራው አባት። ሐር የለበሱ፣ ጢማቸው የተቀባ፣ ኩርፊያቸው ገና ያልበረደ ሰው።

«ሟችን አልወቅስም» አሉ። «ልጃቸው ግን አዋርዶኛል። አማች ፊት በባዶ ራስ ይቀረባል? አንቺው ፍረጂኝ!»

«ሐዘን ደርሶበት አውልቆት ይሆናላ።»

«ኧረ የምን ሐዘን! ሻይ ሲቀዳልን ነው የምልሽ! በር ላይ የተቀበለን የሚያምር ብርቱካንማ ጥምጥም አስሮ ነው። 'መጣሁ' ብሎ ወጣ አለ፣ ሲመለስ ራሱ ባዶ። እኔም ልጁን ለልጄ ላጭ መጥቼ፣ ምን ጎድሎኝ ነው እላለሁ በሆዴ።»

«ሽማግሌው ሲዘፍኑ ሰምተዋል?»

ናትማል ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «አልፎ አልፎ ነው ጆሮዬ የገባው። 'የአለቃው ሚስት ወፈረች አሉ' ብለው ቀጥ አሉ። 'የኛን ቂጣ በልታ ነው' እንኳ ሳይሉ። ዘፈኑም፣ የውሃው ድምፅም፣ የማሞቂያው ማጓራትም አንድ ላይ ጸጥ አለ። ታጥበው የጨረሱ መሰለኝ።»

ኬሳር ማኘኳን አቆመች። «ውሃውም?»

«ውሃውም አልኩሽ።»

አመስግና ወጣች። የሰማችው ሁለት ነገር ነው፤ የጠየቀችው ግን ስለ አንዱ ብቻ።

የጥምጥሙ ቀን ደረሰ። የሞተው አባት ጥምጥም፣ በዘመድ አዝማድ ፊት፣ በታላቁ ልጅ ራስ ላይ የሚታሰርበት ቀን ነው። ግቢው ነጭ አንሶላ ተነጥፎበታል። ዳንራጅ ፀጉሩን ተላጭቶ መሃል ተቀምጧል። ካህኑ የቡራራምን ነጭ ጥምጥም በሳህን ይዘዋል። ናትማልም ኩርፊያቸውን ዋጥ አድርገው መጥተዋል። ካህኑ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ኬሳር ሹብራቲን አስከትላ ገባች። እጁ አልታሰረም።

ግቢው ተንጫጫ። «ገዳዩን ሐዘን ቤት ድረስ?» ብሎ የጮኸው ዳንራጅ ነው።

«ጥምጥሙ ሳይታሰር ትንሽ ቃል አለኝ» አለች ኬሳር። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። እኔም ከውሃው ልጀምር። እንግዶቹ ዘፈኑና ውሃው አንድ ላይ ጸጥ ሲሉ ሰምተዋል። ሰው ዘፈኑን ሊያቋርጥ ይችላል። በሩ ሲሰበር ግን ቧንቧው ይፈስ ነበር፣ እሳቱም ይነድ ነበር። ስለዚህ የቆመ ነገር አልነበረም፤ ከውጭ የታፈነ ነገር ነው የነበረው። ድምፁ የሚወጣባትን መስኮት አንድ ሰው ወተፋት። መውጫ ያጣው ድምፁ ብቻ አልነበረም፣ ጋዙም ነው።»

«መስኮቱ ክፍት ነበር!» አለ ዳንራጅ።

«በሩ ሲሰበር አዎ። ከዚያ በፊት ግን 'በመስኮቱ ልያቸው' ብሎ ወደ ጓሮ የሮጠ ሰው አለ። ያቺ መስኮት ለእጅ እንጂ ለዓይን አትደርስም። ስለዚህ የሮጠው ሊያይ አልነበረም፤ አንድ ነገር ሊያወጣ ነው። ያወጣውን ነገር ያልደረቀው ሲሚንቶ ይዞታል፤ የጨርቅ እጥፋት፣ አንዱ ጥጉ ብርቱካንማ።» ኬሳር ወደ ዳንራጅ ዞረች። «ዳንራጅ፣ እንግዶችህን በር ላይ ስትቀበል አስረኸው የነበረው ጥምጥም የት ገባ? የዚህ አገር ወንድ አማቹ ፊት በባዶ ራስ ሻይ አይጠጣም፤ አንተ ግን የጠጣኸው ጥምጥምህ ሌላ ሥራ ላይ ስለነበረ ነው።»

ሱሺላ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ በደረቷ ያቀፈችውን አንሶላው ላይ አስቀመጠችው። ብርቱካንማው ጨርቅ በአንድ ጎኑ ነጭ ሆኖ ደርቋል።

«ደጋግሜ አጠብኩት» አለች። «አልለቅ አለኝ። ግንበኛው ታስሮ እያየሁ ዝም አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

ዳንራጅ ጨርቁን ሲያየው ራሱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «ለአፍታ ብቻ ነበር። 'የነጋዴ ዘር ነን' ብዬ ለአማቼ ነግሬያቸው፣ እሱ እዚያ ውስጥ ሆኖ የገመድ ሳቢ ዘፈን ያንባርቃል። ያፈርኩት ማፈር! እጄ የያዘልኝ ጥምጥሜን ነው። ወተፍኩት። ድምፁ ከሩቅ አገር የሚመጣ መሰለ። ደስ አለኝ… አምላኬ፣ ደስ አለኝ!»

«ጋዙንስ?»

«ሻይ ስጠጣ ትዝ አለኝ። ልነሳ ስል ናትማልጂ ስለ ልጃቸው ትምህርት እያወሩኝ ነው። የትልቅ ሰው ወሬ አቋርጦ መነሳት… ይሉኝታ ያዘኝ። 'ይህን ሲጨርሱ እነሳለሁ' አልኩ። ከዚያ ሱሺላ ጮኸች። ባውጂ ደስ ብሎት ነበር እኮ የሚዘፍነው። በእብነበረድ ላይ ተቀምጦ፣ ሙቅ ውሃ እያፈሰሰ። እኔ ነኝ ያሠራሁለት።»

«ናትማልጂ» አለች ኬሳር ቀስ ብላ፣ «እርስዎ የመልሱን ስንኝ ከየት አወቁት?»

የሰው ዓይን ሁሉ ወደሳቸው ዞረ። ናትማል ሐራቸውን እንደ እንግዳ ልብስ አዩት። ቢክዱ ይችሉ ነበር።

«አባቴም ሳቢ ነበር» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «እኔም ለዳንራጅ 'የነጋዴ ዘር ነን' ብዬዋለሁ። ዘፈኑን ስሰማ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይመታ ነበር። ሲቋረጥ ቅር አለኝ፤ እንዲህ ነው ብዬ መናገር ግን አፈርኩ።»

ዳንራጅ እያለቀሰ ተነሳ። ከካህኑ ሳህን የአባቱን ጥምጥም አንስቶ ሹብራቲ እግር ሥር አኖረው። በዚያ አገር ከዚህ በታች መውረድ የለም። ሹብራቲ እግሩን ሰብስቦ አፈገፈገ። ጎንበስ ብሎ ጥምጥሙን አነሳ፣ አራገፈ፣ ወደ ሳህኑ መለሰው።

«የሳቸው ጥምጥም መሬት አይቀመጥም» አለ። ለዳንራጅ የነገረው ይህን ብቻ ነው። በሩ ላይ ሚስቱ ፊቷን ገልጣ ቆማ ነበር፤ ወደሷ ሄደ።

«ለማን ልሰረው?» አሉ ካህኑ።

ኬሳር የዳንራጅን ክንድ ያዘች። የፊት ለፊቱን መንገድ ሰፈርተኛው ሞልቶት ነበር። ዳንራጅ ያንን አይቶ ቆመ።

«ማዳም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በጓሮ በር ብንወጣስ? ሰው እንዳያየኝ።»

ኬሳር ለአፍታ አየችው። «እሺ፣ በጓሮ» አለች።

ቀጭኑ መንገድ ላይ ወጥተው ግድግዳውን ታክከው ሄዱ። እጥፋቶቹ የታተሙባት መስኮት ሥር ሲደርሱ ከውስጥ የባዶ እግር ኮቴ ተሰማ። ናትማል ሽማግሌው የሞቱበትን ቦታ ሊሰናበቱ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው ኖሯል።

«የኛን ቂጣ በልታ ነው» አሉ፣ በዘፈኑ ዜማ፣ ለብቻቸው። «ሳበው…»

መስኮቷ ክፍት ነበረችና እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ወጣ። ዳንራጅ እዚያው ግድግዳው ሥር ተቀመጠ፤ ኬሳርም እስኪነሳ ጠበቀችው።