መርዶ ያልመጣለት ሙሾ

ከኮሶዬ እስከ ደባርቅ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ሙሾ ያላወረዱበት ልቅሶ እንደ ልቅሶ አይቆጠርም ነበር። የሰውን ሁሉ ሐዘን ያወጡ እኚህ የዳባት ሴት ለራሳቸው ሐዘን ግን አፍ አልነበራቸውም። ባላቸውን አዲ አርቃይ ላይ ወባ ቀጠፈባቸው። ልጃቸው ገዱ በ1991 ዓ.ም. ወደ ጦር ግንባር ሄደና ወሬው ጠፋ። ሞተ የሚል አልመጣም፤ አለ የሚልም አልመጣም። አምስት ዓመት ሙሉ ጠበቁት... እናት ከመጠበቅ ሌላ ምን ትችላለች?

ሴት ልጃቸው የትናየት አሥራ አንድ ዓመት ስዊድን ተምራ የተመለሰችው ወደዚህ ቤት ነው። ለምን እንደተመለሰች ራሷም አታውቅም። ለአፍሪካ የግጥም መድበሎች የሚሰጥ ሽልማት እንዳለ ስትሰማ፣ የእናቷን ሙሾዎች ሰብስባ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችና በሽፋኑ ላይ የራሷን ስም አኖረች። የሙሾ ባለቤቱ ሟቹ ነው እያለች ኅሊናዋን ሸነገለችው።

መድበሉን ከመላኳ በፊት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናት በሩን ዘግተው እንዲህ ሲሉ አስጻፏት፦

ክንዴን የለመደው ገዱ ሸጋ ልጄ፣
ድንጋይ ተንተራሰ ርቆ ከደጄ።

«ሆዴ ውስጥ እየተገላበጠ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ወረቀት ላይ ይውረድና ይተወኝ» አሉ። «የሰው ጆሮ ግን እንዳይሰማው። መርዶ ላልመጣለት ሙሾ ማውረድ በቁሙ መቅበር ነው። በእመቤቴ ማይልኝ።»

ማለችላቸው። ይሁንና ያለዚያ ሙሾ መድበሉ ነፍስ የሌለው መሰላት። ዳባት ላይ እንግሊዝኛ ማን ያነባል ብላ ጨመረችው።

አሸነፈች። አንድ የውጭ አገር የአማርኛ ሬድዮ ለጉዳይ በወረደችበት ጎንደር ድረስ በስልክ ፈልጎ አገኛትና፣ ዳኞቹ ያደነቁትን ያንኑ ግጥም በአማርኛ እንድታነብ ለመናት። በደስታ የሰከረ ሰው መሐላውን የት ያስታውሳል? አነበበችው።

በማግሥቱ ዳባት ስትደርስ ግቢያቸው በሰው ተሞልቷል። ሬድዮ የሰሙት ጎረቤቶች፣ እኅቱ ሙሾ ካወረደችለት መርዶው መጥቷል ብለው፣ እንደ ደንቡ ማልደው ለእናት አርድተው ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸውን ነጭተው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸው በለጠች የትናየትን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«የወንድምሽን ሞት ከእናትሽ ደብቀሽ ለፈረንጅ ነገርሽ? ትምህርት ይሉሻል እንዲህ ነው።»

የትናየት ከእናቷ እግር ሥር ወደቀች። መርዶ እንዳልመጣ፣ ሙሾውን ለሽልማት ብላ እንዳወጣችው እየተንሰቀሰቀች ተናዘዘች።

«ሙሾዬን መውሰድሽስ ይሁን፤ የእኔ የሆነው ሁሉ ያንቺው ነው» አሉ እናት በተዘጋ ድምፃቸው። «ገዱን ግን አልቅሼ ቀበርሁት። አሁን እንዴት አድርጌ መልሼ ልጠብቀው?»

ከዚያ ወዲያ ከመደባቸው አልተነሡም። እህል ጠሉ፤ ሐኪም ቢያያቸው በሽታ አላገኘባቸውም። ኅዳር ሲገባ ዐረፉ።

በቀብራቸው ዕለት ለሙሾ አውራጇ ሙሾ የሚያወርድ ጠፋ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ተሸላሚዋ ዞሩ። የትናየት አፏን ከፈተች... የመጣላት ስንኝ ሁሉ የእናቷ ነበር። አንድም የራሷ ቃል አልነበራትም። መልሳ ዘጋችው፤ አስከሬኑም ያለ ሙሾ ወረደ።

አጽናኞቿ ዕጣ ፈንታ ነው አሏት። ዕጣ ፈንታ? ሰው በገዛ እጁ የቆረጠውን ገመድ ዕጣ በጠሰው ቢል ማን ይሰማዋል? ገዱ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ መርዶውም አልመጣም። አንድ ቀን በሩን ገፍቶ ቢገባና «እናታችንስ?» ብሎ ቢጠይቃት የምትመልስለትን ግን የትናየት እስከ ዛሬ አላገኘችም።