የጓዳው የማሽላ ጉድጓድ

ይህ ነገር ሆኗል።

እመኑኝ ብዬ አልጨቃጨቅም፤ ተፈጥሮዬም አይደለም። የሰማሁትን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍላችኋለሁ። የደረሰው ከአባቴ ጋር በአባት ብቻ በምትገናኘው እህቱ በትርንጎ ላይ ነው። ሰኔ 1979 ዓ.ም.፣ ቆቦ ከተማ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

አዎ... በቀን ነው።

ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ የቤት ቆርቆሮ ከሙቀቱ የተነሳ ቋ... ቋ... በሚልበት ሰዓት።

ትርንጎ ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። በእርሻ ትምህርት ተመርቃ፣ ቡልጋሪያ ለሦስት ዓመት የምትማርበት ዕድል ደርሷታል። ፓስፖርቷ አዲስ አበባ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ልትሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነው የእናቷ ወንድም አያ ፈንታው ማረፉን የሰማችው።

አያ ፈንታው ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ቤቱ ለእሷ ቀረ።

ያደገችበት ቤት ነው። እናቷ እሷን ወልዳ በአራስነቷ ስለሞተች፣ ያሳደገቻት አያቷ እማ ቆንጅት ነበረች። ያች አያቷ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ «ወደ መጠለያው ወርዳ ቀረች» ተብሏል። በዚያ ዓመት ወደ መጠለያ ሄዶ ስለቀረ ሰው ደግሞ ማንም ማንንም አይጠይቅም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ትርንጎ ቆቦ ገብታ ቀበሌ ሄደች። ሊቀመንበሩ ሙላው ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ጥርሱን በእንጨት ይጎረጉራል።

«ተቀመጭ እንጂ። ምን ያሽኮረምምሻል? እኔ እንደሆን ሰው አልበላ።»

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቤቱን... ቆልፌው ብሄድስ?»

«ቆልፈሽ?» ሳቀ። «ሰው የሌለበት ቤት የቀበሌ ነው፣ እህቴ። ከገባሽበት ያንቺ፣ ከሄድሽ የኛ። ሶፊያ ተቀምጠሽ ቆቦ ላይ ጣሪያ የለም። እስከ ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ሰኞ ማለዳ አውቶብሱም ይነሳል።

ሌላ ጣሪያ በዓለም ላይ አልነበራትም። ቡልጋሪያን ትታ ብትቀር ቤት ይኖራታል። ብትሄድ ግን ስትመለስ የምታንኳኳው በር የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ሻንጣዋን አንዴ ትሞላዋለች፣ አንዴ ታራግፈዋለች።

ቤቱ ጽዱ ነበር። ምንጣፉ ተጠርጓል፣ ዕቃው በየቦታው ነው።

ጠረኑ ግን...

መጀመሪያ የጉድጓድ ማሽላ መስሏት ነበር። የቆላ ሰው ያውቀዋል። መሬት ውስጥ የከረመ ማሽላ ይኮመጥጣል፣ ይሻግታል፣ ሰው ግን ለምዶት ይበላዋል።

ይህ እሱ አልነበረም።

ይህ የአፍ ጠረን ነው። ጠዋት አፉን ሳይጉመጠመጥ ቀርቦ የሚያዋራ ሰው ጠረን። ሞቅ ያለ፣ ቅርብ...

እጇን በሳሙና ታጠበች። መዳፏን አሸተተች። አለ። ውኃ በብርጭቆ ቀድታ ወደ አፏ አስጠጋች። እዚያም አለ። ውኃውን ደፋችው።

አርብ ከሰዓት ጎረቤቷ እትዬ ሀሊሜ መጡ። አሮጊት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ግቢ ይሞላል።

«የቆንጅት ልጅ! ወላሂ እንዴት አደግሽ! አጥንት ብቻ ሆንሽሳ፣ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ምግብ የለም እንዴ?»

ትርንጎ ፈገግ አለች። አሮጊቷ ግን ደጃፉን አላለፉም። ዓይናቸው ጓዳውን ያያል።

«ጉድጓዱ ሙሉ እኮ ነው» አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሰባ ሰባቱ ማሽላ። ፈንታው አንድ ጣሳ አላወጣም። እስኪሞት ድረስ ዱቄት ከገበያ እየገዛ ነው የኖረው።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ...» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ነገ ክፈቺው። ከቀናሽ የዓመት ቀለብ ነው። መቅረት ብትፈልጊ ትቀሪበታለሽ።»

እውነት ነበር። ሥራ እስክትይዝ የምትበላው ካላት፣ መቅረት ይቻላል።

በቆቦ የማሽላ ጉድጓድ ደጅ ነው የሚቆፈረው። አያ ፈንታው ግን እህል የሚፈትሹ ሰዎች እንዳያገኙበት ጓዳው ውስጥ ቆፍሮ፣ ከላዩ ሰሌን አንጥፎበት ነበር። አፉ ጠባብ ነው፤ ሆዱ ሰፊ። በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደንና ዙሪያው በጭቃና በእበት ይመረጋል።

ሲከፈት ወግ አለው። ጠዋት ተከፍቶ እስከ ቀትር ይተነፍሳል። ከዚያ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። እሳቱ ከጠፋ ሰው አይገባም፤ የገባ ራሱን ስቶ እዚያው ይቀራልና።

ሲዘጋም ወግ አለው። ከመመረጉ በፊት የቤቱ ባለቤት ጎንበስ ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠራል፦ «ሰው አለ?»

መልስ ከሌለ ይዘጋል።

መልስ ካለ... የመለሰው ሳይወጣ አይዘጋም። ባለቤቱም ከቤቱ አይሄድም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ድንጋዩን በመቆፈሪያ ፈነቀሉት። እትዬ ሀሊሜ «ቢስሚላህ» እያሉ ገፉት።

የድንጋዩ የውስጥ ፊት እርጥብ ነበር።

ትርንጎ ጣቷን አስነካችው። ስታነሳው አብሮ ተሳበ፤ ቀጭን፣ ነጭ፣ እንደ ለሃጭ። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከዚያ ቀሚሱን ማየት ስላስጠላት ቀየረችው።

እስከ ሰባት ሰዓት ደጅ ተቀመጡ።

ሰባት ሰዓት ላይ ኩራዙን አወረደች። እሳቱ አልጠፋም።

እሳቱ ወደ ታች ተሳበ...

ወደ ላይ ተገፋ...

ወደ ታች ተሳበ...

ወደ ላይ ተገፋ...

«ንፋስ ነው» አሉ እትዬ ሀሊሜ።

ጓዳው መስኮት የለውም።

ከዚያ እሳቱ እፍ እንደተባለ ጠፋ።

ትርንጎ ቶሎ ልትጨርስ ፈለገች። ኩራዙን አውጥታ በገመዱ ጣሳ አሰረችና ለቀቀችው። ስትጎትተው ከባድ ነበር።

የጉድጓድ እህል ቀዝቃዛ ነው። ይህ ሞቋል። ልክ እንደ ሰው ገላ።

እህልም አልነበረም።

የታኘከ ነበር።

ገለባው ተለይቶ፣ ፍሬው ደቅቆ፣ በምራቅ ተለውሶ፣ እንደ ጉርሻ የተድቦለቦለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጉርሻ... ጣሳው ሙሉ። ከላይ ያለው ላይ የጥርስ ምልክት በደንብ ታትሟል። ከፊት ለፊት የአንድ ጥርስ ቦታ ክፍት ነው።

እማ ቆንጅት ከፊት ጥርሷ አንዱ አልነበራትም።

ትርንጎ ታውቀዋለች። ጡት የሚያጠባት ሰው አልነበረም፤ አያቷ የማሽላ ቆሎ እያኘከች ነው ያሳደገቻት። ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ከአፏ አውጥታ፣ በጣቷ ጫፍ ወደ ትንሿ አፍ... «አፍሽን ክፈቺ፣ የኔ እናት።» ሌሎች ልጆች እስኪስቁባት ድረስ፣ እስከ አራት ዓመቷ በልታዋለች።

ወደ ደጅ ሮጣ አስመለሰች።

ከሁሉ የዘገነናት ግን ማስመለሷ አይደለም። ተመልሳ ያን ጣሳ ስታየው...

አፏ ምራቅ ሞላ።

እትዬ ሀሊሜ ከጓዳው ወጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«እሷ ናት አይደል?» አሉ በሹክሹክታ።

«ምን... ምን ማለትዎ ነው?»

«አውፍ በይኝ ልጄ። ላረጋግጥ ብዬ ነው ያስከፈትኩሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም።» አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ያን ቀን እህል ፈታሾች እዚህ ሮቢት ደረሱ ተባለ። ቆንጅት ትንሽዬ ሴት አልነበረች? እህሉን ለልጇ ልትደለድልለት ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ነበር። ጠዋት ስትገባ በዓይኔ አይቻታለሁ። ከሰዓት ፈንታውን እጁ በጭቃ ተለውሶ አገኘሁት። ‹ጠራህ ወይ?› አልኩት። ‹ጠርቻለሁ› አለ። ‹መልስ አለ?› አልኩት።»

የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ።

«ምን አለ?»

«‹የለም› አለኝ። ዓይኔን አላየም። በማግስቱ ‹እናቴ መጠለያ ወረደች› አለን። እኔም... ልጆቼ ተርበው ነበር። ‹ዝም በይ› ብሎ ከጉድጓዱ ውጭ ከተረፈው ሁለት ቁና ሰጠኝ። በላነው። ያ ረቢ፣ በላነው!»

ቆርቆሮው ቋ አለ።

«ሰው እንጥራ» አሉ እትዬ ሀሊሜ። «አጥንቷ ካለ እንቅበራት። በወጓ ትቀበር።»

ትርንጎ አሰበች። ሰው ከተጠራ ሙላው ይመጣል። ፖሊስ ይመጣል። የቤቱ ባለቤት ማነው ይባላል። ምርመራው ሳምንት፣ ወር... አውቶብሱ ሰኞ ነው።

እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ወር። ይህን ጠረን እየተነፈሰች። በዚህ ምራቅ በሚሞላ አፏ።

«እትዬ... ሰኞ መሄድ አለብኝ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዞሩ።

«እንግዲያው ጥሪያት» አሉ። «የቤቱ ባለቤት አንቺ ነሽ። ወጉን አድርሺ። መልስ ከሌለ ዝጊው፣ እኔም ልረፍ።»

አሮጊቷ ከጓዳው በር አልገቡም። ትርንጎ ጣሳውን ከነጉርሻው ጉድጓዱ ውስጥ ጣለችው። ሲያርፍ አልተሰማም። የመረጊያውን ጭቃ አጠገቧ አድርጋ ተንበረከከች።

በሕይወቷ ጮኻ አታውቅም። ክፍል ውስጥ እንኳ መምህር ሲጠይቃት ድምፅዋ አይወጣም ነበር።

«ሰው... አለ?»

«ጮክ በይ እንጂ!» አሉ እትዬ ሀሊሜ ከውጭ።

«ሰው አለ?»

ከታች የሆነ ነገር ቆመ። ስትጠራ ነው ያስተዋለችው፤ እስካሁን ድምፅ ነበር። እርጥብ፣ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል... ማኘክ።

ቆመ።

ሦስተኛውን ባትጠራ ይሻላት ነበር። ወግ ነውና ጠራች።

«ሰው አለ?»

ሞቃት ትንፋሽ ፊቷን ነካው። በጣም ቅርብ። ከጉድጓዱ አፍ አንድ ስንዝር እንኳ የማይርቅ።

«አፍሽን ክፈቺ... የኔ እናት።»

ትርንጎ ከንፈሯን ገጠመች። ጥርሷ እስኪያማት ገጠመች።

«መልስ አለ?» አሉ እትዬ ሀሊሜ።

ቤት ነው። አያቷ ናት። ያሳደገቻት ናት። አንድ ቃል ብትል አያቷ ትወጣለች፣ ትቀበራለች... ትርንጎም ትቀራለች።

«ልጄ... መልስ አለ ወይ?»

«የለም» አለች ትርንጎ።

ድንጋዩን ብቻዋን ገፋችው። ከየት እንዳገኘች በማታውቀው ጉልበት። ጭቃውን በሁለት እጇ መረገች። ከድንጋዩ ስር በጥፍር የሚቧጭር አልነበረም፣ የሚያለቅስ አልነበረም። እንደገና ማኘክ ጀምሮ ነበር እንጂ። በትዕግሥት። ሥራ እንደያዘ ሰው።

ሰኞ ማለዳ ቁልፉን ለሙላው ሰጠችው። ተቀብሎ ጣቶቹን አሻሸ፤ ፊቱን አጨማደደ።

«ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚያጣብቀው?»

ሻንጣዋን አነሳች። አውቶብሱ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር።

ሶፊያ የደረሰች ዕለት ሁሉም ነገር ነጭ ነበር አለችኝ። ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ፣ አንሶላው ነጭ፣ መስኮቱ ላይ የበረኪና ሽታ። አፍንጫዋን አንሶላው ውስጥ ቀብራ አሸተተች። ምንም የለም። ከሐሙስ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም። በደስታ አለቀሰች። ባዶ ሆዷን ተኛች።

ጠዋት ስትነቃ መናገር አልቻለችም።

ምላሷ ያበጠ መሰላት። ከዚያ አወቀችው። ምላሷ አልነበረም። ሞቃት ነው፣ ልስልስ ያለ፣ ጨው የሌለው። ጉንጮቿን ወጥሮ ይዟል። አብራት የምታድረው ልጅ ገና ተኝታለች፤ በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው።

በባዶ እግሯ ወደ መታጠቢያው ሮጠች። መስታወቱ ፊት ቆመች። አፏን ከፈተች።

ቀላ ያለ ማሽላ። ደቅቆ የታኘከ።

ይህን ያጫወተችኝ ባለፈው ወር ነው፤ አዲስ አበባ፣ ቤቷ ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ። እንደዚያው በቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ። ምሳ አቅርቤላት «አልራበኝም» ብላ አልነካችውም። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም።

አፍሬ ነበር፤ ግን ጠየቅኳት።

«ከዚያስ... ተፋሽው?»

አክስቴ እጇን ቀስ አድርጋ ከንፈሯ ላይ ጫነች።

ጉንጮቿ ቀስ በቀስ ሲወጠሩ አየሁ።

አፏ ሙሉ ነበር።