አሜኑን የምትይዘው

ከፈለጋችሁ አትመኑኝ። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው «ይቺ ደግሞ ምን ነካት?» ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል።

ያውም በጨለማ አይደለም... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ ሃያ ምናምን ሰው በቆመበት ቤተ ጸሎት ውስጥ።

የምማረው ሙዚቃ ነው፤ አንዲት ትንሽ የሉተራን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። ትንሽ ስላችሁ የምር ትንሽ ናት። ጠዋት ያስነጠሰን ሰው ማታ ግቢው ሁሉ «ተሻለህ ወይ?» ይለዋል። የመለማመጃ ክፍሎቻችን ሦስት ናቸው፤ የአንዱ ፒያኖ ግማሹ ድምፅ የለውም። ኩራታችን የመዘምራን ቡድናችን ብቻ ነው።

ዘንድሮ ታናሽ እህቴም ገባች። ሚጣ ነው የምላት።

ሚጣ ልጅ ሆና ደረቷ ያስቸግራት ነበር። ሁለት ቃል ተናግራ ታርፋለች። ድምፅ ግን... ድምፅ እንደ ጉድ ሰጥቷታል። እናታችን ስትሸኘን እኔን ለብቻዬ ጎተት አድርጋ፣

«አደራሽን፣ ትንፋሿን ጠብቂልኝ» አለችኝ።

መዘምራኑን የሚመሩት መምህራችን አንድ ሕግ አላቸው። በመዝሙሩ መጨረሻ ያለው «አሜን» እጃቸው እስኪወርድ አይቆረጥም። ሁሉም እኩል ቢተነፍስ ደግሞ ይቆረጣል። ስለዚህ ከጎንህ ካለው ጋር ተራ ትገባለህ። አንተ ስትተነፍስ እሱ ድምፁን ይይዝልሃል፤ እሱ ሲተነፍስ አንተ ትይዝለታለህ። ምልክቱ የጎረቤትን ትንሽ ጣት ጫን ማድረግ ነው።

«ተይዞለት የማይዝ ዘማሪ ሌባ ነው» ይሉናል መምህር። እኛም እንስቃለን።

ሚጣ የምትቆመው የረድፉ ጫፍ ላይ ነበር። በዚህ በኩል እኔ አለሁ፤ በዚያ በኩል መስኮት።

መጀመሪያ ሰሞን ጣቴን ልትሰብረው ምንም አልቀራት። ቶሎ ቶሎ ትጫነኛለች፤ እኔም እይዝላታለሁ።

ከዚያ ተወችው።

አንድ ቀን... ሁለት ቀን... ምንም። ድምፁ ግን ከሷ በኩል አይቋረጥም።

በእረፍት ሰዓት ጎሸም አደረግኳት።

«አንቺ፣ መተንፈስ ትተሻል እንዴ?»

«እተነፍሳለሁ። እሷ ትይዝልኛለች።»

«የቷ እሷ?»

«በዚያ በኩል ያለችዋ ናታ።»

ሳቅኩ። ሚጣ ቀልድ ታውቃለች።

«መስኮቱ ነው የሚይዝልሽ?»

አልሳቀችም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«እጇ ይቀዘቅዛል እንጂ ጥሩ ልጅ ናት። እታለም... አትደክምም እኮ» አለችኝ።

ያኔ እጇን አየሁት። በመስኮቱ በኩል ያለችው ትንሿ ጣቷ ወረቀት መስላለች። ያዝኳት፤ እንደ በረዶ ናት።

በማግስቱ መምህር እጃቸውን አወረዱ። ሁላችንም ዝም አልን።

አንድ ድምፅ ቀረ... ቀጭን፣ ንጹሕ... ከዚያ እሱም ጠፋ።

«ማን ነው?» አሉ መምህር።

አንድ በአንድ አዘመሩን። የማንም ድምፅ አልነበረም።

ከኋላዬ የሚቆመው ረጅሙ ልጅ፣ ምሰሶ የምንለው፣ ጆሮዬ ላይ አንሾካሾከ።

«ከመስኮቱ በኩል ነው የመጣው።»

«ዝም በል።»

«እህትሽን ከዚያ አንሺያት።»

ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ሚጣ አልጋዋ ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት።

«ነገ ተራው የኔ ነው» አለች።

«የምን ተራ?»

«የመያዝ። ጣቴን ተጭና አልለቅ አለችኝ። መተንፈስ ፈልጋለች፣ እታለም። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለሽ...»

«ሚጣ፣ ነገ ልምምድ አትገቢም።»

«ስንቴ ይዛልኛለች! እኔ ብቻ ልተንፍስ?»

የእህቴ ችግር ይሄ ነው። ሰው ውለታ ከዋለላት እንቅልፍ አይወስዳትም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ለእናታችን እነግራለሁ ብዬ አስፈራራኋት። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ቦታ ልንቀያየር ተስማማን። መስኮቱ ጋ እኔ ልቆም።

በማግስቱ ቆምኩ። እጄን ወደ መስኮቱ ዘርግቼ ጠበቅኩ... ምንም የነካኝ ነገር የለም። እፎይ አልኩ። «እንዲህ ነው የሰው ልጅ ራሱን የሚያስፈራራው» ብዬ በልቤ በራሴ ላይ ቀለድኩ።

አሜኑ ጀመረ።

ያኔ ነው ረድፉን ያየሁት። በሚጣና ከሷ ቀጥላ ባለችው ልጅ መካከል ክፍት ቦታ አለ። ልክ አንድ ሰው የሚያስቆም። ተጠጉም ተራራቁም ያለን ሰው አልነበረም።

የሚጣ እጅ ወደዚያ ክፍት ቦታ ተዘርግቷል። ጣቶቿ የሆነ ነገር ጨብጠዋል።

መምህር እጃቸውን አወረዱ።

ሁላችንም ዝም አልን... ሚጣ አላቆመችም።

ዓይኗ ፈጧል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ድምፁ ግን ሳይንቀጠቀጥ ይወጣል።

ከዚያ... ከክፍቱ ቦታ... አንድ ሰው አየር ሲስብ ሰማን።

ረጅም ነው። ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ ያለ ሰው እንደሚስበው። ሃያ ምናምን ሰው ነው የሰማው። ምሰሶ ኖታውን ጥሎ ሮጠ።

«ልቀቂያት!» ብዬ ወደ ክፍቱ ቦታ ጮህኩ። «ልቀቂያት! እኔ እይዝልሻለሁ!»

ሚጣን በሁለት እጄ ጎተትኳት። እላዬ ላይ ወደቀች። ድምፁ ቆመ።

ክሊኒክ ወሰድናት። እየተራመደች ወጣች። ነርሷ «ድካም ነው» ብላ አሰናበተችን። እኔ ግን እናታችንን ጠራሁ።

እናታችን ወደ ቤት ልትወስደን መጥታ በሁለተኛው ቀን ማለዳ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘችን። ሚጣን አገላብጣ ሳመቻት።

«ታማለች ያልሽኝ የታለ? ይኸው ቀልታለች!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሚጣ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ታወራለች... ሁለት ቃል ተናግራ የምታርፈው ልጅ አንዴም አላረፈችም። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ እንባዬ መጣ።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እናቴ ስትናገር ከአፏ ጉም ይወጣል። ከኔም ይወጣል። ሻንጣ ከሚጭነው ሰውዬም።

ከሚጣ አፍ አይወጣም።

ደጋግሜ አየሁ። ታወራለች... ጉም የለም። ትስቃለች... የለም።

ከሷ ጎን፣ ማንም ከሌለበት፣ ከትከሻዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነጭ ጉም ቡን አለ። ጠፋ። እንደገና ቡን አለ።

«ምን ያፈዝሻል? ግቢ እንጂ!» አለች እናቴ።

አውቶቡሱ በሩን ከፈተ። ሚጣ አልገባችም። ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ፣ ትልቅ ሰው እንደሚያሳልፍ ሰው አንገቷን ሰበር አድርጋ ቆመች።

ጉሙ ቀድሟት ገባ።