የአርባ አንድ ቁጥር ጎሬ ጫጩት

ማን ይናገር የነበረ ይባል የለ? እኔ ነበርኩ። በዓይኔ አይቻለሁ... በአፍንጫዬም አሽትቻለሁ። የማያምን ሰው እዚህ ጋ ይተወው። የሚያምን ደግሞ ምሳውን ሳይበላ ያንብበው፣ ኋላ እንዳይረግመኝ።

ደግሞ በጨለማ እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፣ ጠራራ ፀሐይ።

ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ላይ ነበርን፣ እኔና አጎቴ ብቻ። አጎቴ ሥራው የባህር ወፍ መቁጠር ነው። ወላጆቼ ከሞቱ ጀምሮ እናትም አባትም ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሲያመኝ አገጬን ይዞ፣ «አንዴ ብቻ፣ ለእኔ ብለሽ» እያለ ያጎርሰኝ ነበር። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ግማሽ ናት፤ በወጣትነቱ የጀልባ ገመድ ቆርጦበታል። አገጬ ላይ ስታርፍ ትኮረኩረኝ ነበር።

ጉልበቱ ሲደክም ጸሐፊው ሆኜ አብሬው መሄድ ጀመርኩ።

ወፎቹ ጥቀርሻ የመሰሉ ናቸው፤ የክንፋቸው ውስጥ ብቻ ብር ይመስላል። ምንቃራቸው ጫፉ ቆልማማ ሆኖ፣ ከላዩ ሁለት ቱቦ የመሰለ አፍንጫ አለው። አየር ላይ ሲያዩዋቸው ያምራሉ። መሬት ላይ ግን እንደ ሰካራም ይንፏቀቃሉ። ከዓለም ጫፍ እስከ ዓለም ጫፍ ውቅያኖስ ሲያቋርጡ ይከርሙና፣ ለመውለድ ወደዚያችው ደሴት፣ ወደዚያው ጎሬ ይመለሳሉ። ጥንዶቹ በዓመት አንዲት እንቁላል ብቻ አላቸው።

አመጋገባቸው ነው የሚቀፈው።

ባህር ላይ የዋጡት ዓሣ ሆዳቸው ውስጥ ዘይት ይሆናል። እሱን ይዘው መጥተው ጫጩቷ አፍ ውስጥ ያስታውኩታል። ኡፍ! ግማቱ! ከልብስ አይለቅ፣ ከፀጉር አይለቅ። አጎቴ «ዘይት ተፊዎቹ» ይላቸው ነበር።

ቀን ወላጆቹ ባህር ላይ ስለሚውሉ ሥራችን ያኔ ነው። ጎሬው አፍ ላይ በሆዳችን እንተኛለን። እጃችንን እስከ ትከሻችን እናስገባለን። ጫጩቷን በዳበሳ አውጥተን በከረጢት እንመዝንና እንመልሳታለን። ስትደነግጥ ዘይቷን እጃችን ላይ ትለቀዋለች።

የአጎቴ ሕግ አንድ ነበር።

«መዝኚ፣ ጻፊ፣ መልሺ። ማብላት የለም። ያበላሽው ነገር ያንቺ ነው... ተከትሎሽ ይመጣል።»

የሚቀልድ ይመስለኝ ነበር።

አርባ አንድ ቁጥር ጎሬ ውስጥ ያለችው ጫጩት ወላጆቿ ቀሩባት። ከስታ ከስታ አጥንትና ላባ ብቻ ሆነች። አንጀቴን በላችው። አጎቴ ዞር ሲል ከምሳዬ የታሸገ ዓሣ አላምጬ በጣቴ አጎረስኳት።

አሥራ አንድ ቀን አበላኋት።

«አርባ አንድ ምን አግኝታ ነው እንዲህ የወፈረችው?» ይላል አጎቴ መዝገቡን እያየ።

እኔ እርሳሴን እቀርጻለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዓሣውን እያላመጥኩ ጎንበስ ስል፣ ጫጩቷ አንገቷን መዘዘችና ምንቃሯን አፌ ውስጥ ሰደደችው። ልትቀበለኝ መስሎኝ ነበር...

አልነበረም። ተፋችብኝ።

ኤጭ! ለብ ያለ ነው። ወፍራም ነው። እስኪያመኝ አስመለስኩ፣ ምላሴን በአሸዋ ፈተግኩት። ከዚያ ወዲያ ወደ አርባ አንድ ዝር አላልኩም። ለአጎቴም አልነገርኩትም።

ወቅቱ አለቀ። ትልልቆቹ ወፎች ልጆቻቸውን ትተው ሄዱ፤ ልማዳቸው ነው። ጫጩቶቹም ስባቸው ሲቀልጥ ክንፍ አውጥተው ማንም ሳይመራቸው ተከተሉ። ደሴቷ ጭር አለች።

«አርባ አንድ ብቻ ቀረች፤ ልያት» አለ አጎቴ።

ሰባት ሰዓት ነበር። በሆዱ ተኛና ቀኝ እጁን እስከ ትከሻው አስገባ።

«አለች?»

«አለች... ትሞቃለች።»

እጁን ሳያወጣ ብዙ ቆየ።

«ምነው ጋሼ?»

«ዝም በይ» አለ በሹክሹክታ። «ጣቴን እየጠባው ነው።»

«ምንቃሯ ነዋ።»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። አመድ መስሏል።

«ምንቃር ከንፈር አለው እንዴ?»

ወገቡን ይዤ ጎተትኩ። እጁ ከጭቃ እንደተነቀለ ነገር ቡልቅ ብሎ ወጣ። እስከ ብብቱ ድረስ ቢጫ ዘይት ነው። ጣቶቹ ውሃ ውስጥ እንደከረመ ነገር ነጥተው ተጨማደዋል። በባትሪ ወደ ጎሬው ውስጥ አየሁ።

ጫጩት የለም። ጎሬው ራሱ አንድ ስንዝር ሄዶ ድንጋይ ላይ ያልቃል።

ታዲያ እጁ እስከ ትከሻው የት ነበር የገባው?

ጀልባ እንዲመጣልን በሬዲዮ ጠራሁ። ባህሩ ስለተቆጣ ከአራት ቀን በፊት አንደርስም አሉኝ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አጎቴ እህል አልቀመሰም። «ጠግቤያለሁ» ይላል። ሲነጋ ትራሱ በዘይት ርሷል፣ ከንፈሩ ያብለጨልጫል። ስጠርግለት አፍንጫዬን ይዤ ፊቴን አዞር ነበር። አጎቴን ተጠየፍኩት፤ ያሳደገኝን ሰው! ይህን መቼም ለራሴ ይቅር አልልም።

ዕቃ የምንመዝንበት ሚዛን ላይ አቆምኩት። ሃምሳ ስምንት ኪሎ። በማግሥቱ ስልሳ አንድ። በሦስተኛው ቀን ስልሳ ስድስት።

ውሃ እንኳን ሳይጠጣ!

«ጋሼ፣ በእናትህ ንገረኝ... ማነው የሚያበላህ?»

ፈገግ አለ። ጥርሱ መሃል ዘይት አለ።

«አንቺ ነሻ። ሁልጊዜ እየመጣሽ የምታጎርሺኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

እግሩ ሥር ወድቄ ሁሉንም ዘከዘክሁለት። ማብላቴን፣ ጫጩቷ አፌ ውስጥ መትፋቷን፣ ሁሉንም። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። በዚያች ግማሽ ጣቱ አገጬን ቀና አደረገኝ።

«አውቅ ነበር» አለ። «ከሲታ ነገር ማየት አትችይም። እኔም ስንቱን ደብቄ አብልቻለሁ መሰለሽ?»

ጀልባው በሚመጣበት ቀን ስነቃ አልጋው ባዶ ነበር። ከጎጇችን በር ጀምሮ የዘይት መስመር ይዞ ይሄዳል። ተከተልኩት። መስመሩ አርባ አንድ ላይ አለቀ።

በሆዴ ተኛሁ። አንድ ስንዝር ብቻ ነው ያልኩት ጎሬ እጄን እስከ ትከሻዬ ዋጠው።

«ጋሼ!»

እጅ ያዘኝ... ለብ ያለ፣ የሚያሙለጨልጭ። ጣቶቹን በዳበሳ ቆጠርኳቸው። ሌባ ጣቱ ግማሽ ነው።

ሳብኩት። አልመጣም። እንዲያውም እጄን ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ገፋው፤ ሂጂ እንደማለት።

ጀልበኞቹ እያለቀስኩ ጎትተው አነሱኝ። ሲቆፍሩ ድንጋይ ብቻ ነው ያገኙት። «ባህር ወስዶት ነው» ብለው ጻፉ።

አሁን የምኖረው ከባህር የሁለት ቀን መንገድ የሚርቅ ከተማ ውስጥ ነው፤ አራተኛ ፎቅ። የቤቴ በር ሁለት ቁልፍ አለው። ዓሣ ከሚሸጥበት ሰፈር አላልፍም። ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እህል በአፌ ሳይዞር ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። አይርበኝም።

ትናንት ፋርማሲ ሄጄ ተመዘንኩ። አምስት ኪሎ ጨምሬያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ትራሴ ረጥቦ ነቃሁ። ያ ግማት ክፍሉን ሞልቶታል። ሁለቱም ቁልፍ እንደተቆለፈ ነው። መስታወት ፊት ቆሜ አፌን ልጠርግ ስል አየሁት...

አገጬ ላይ በዘይት የታተመ የእጅ አሻራ አለ፤ የታመመ ልጅ ሲያጎርሱ እንደሚይዙት።

ሌባ ጣቱ ግማሽ ነው።