ዝም ያሉ በሮች

ባልቴቷ ጠዋት ከደረጃው ሥር ሞታ ተገኘች። ጫማዋ ግን ከላይ፣ ደጃፏ ላይ እንደተቀመጠ ነበር።

«በባዶ እግሯ ደረጃ የምትወርድ አሮጊት የለችም፤ ተገፍታለች» አለች መርማሪዋ።

ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል። ቀንድ አውጣ ቢቀድማት አይገርምም፤ ዓይኗ ግን ከእግሯ በፊት ይደርሳል።

ፖሊስ አንድ ሰው ሲያሳድድ ስድስት ዓመቱ ነው። ፊቱን ሸፍኖ ረፋድ ላይ ይገባና ብቻዋን ያገኛትን ሴት ይደፍራል። ስምንት ሴቶች ተጠቅተዋል። በሰፈሩ ቀን ቀን በር አይቀረቀርም፤ ሰው ሲገባ በሩ ሲጢጥ ይላል፤ ከስምንቱ ግን አንዷም አልሰማችም።

በዚያ ሳምንት ባልቴቷ ቤት የገቡት ሦስት ወንዶች ናቸው፤ ዕቃ የሚያደርስላት ዘበኛ፣ መስኮቷን የለካው መጋረጃ ሰፊና ወንበሯን የጠገነው አናጺ። ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን «አንድ ደግ ሰው የቤቴን በር ጩኸት ዝም አሰኘልኝ» ስትል ዘበኛው ሰምቷል። በር ከአናጺ ሌላ ማን ይነካል ብሎ ጠቆመ። ስምንተኛዋ ተጠቂም ቁመቱ የእሱ ነው ብላ ማለች። አናጺው ታሰረ፤ ነገ ክስ ይመሠረትበታል። ልጁም አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቶ ትምህርቷን ትታለች።

መርማሪዋ ስምንቱን ቤት ዞረች። ቀዳሚዎቿ የጠየቁት በዚያ ወር ማን እንደገባ ነበር፤ እሷ ስለ በሩ ጠየቀች። ስምንቱም በር ጥቃቱ ከመድረሱ ከብዙ ጊዜ በፊት ዝም ብሏል።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩን ሁሉ የባልቴቷ ግቢ በር ላይ ሰበሰበችና ለሦስቱ ወንዶች የዘይት ቆርቆሮ ሰጠች።

«የዚህ በር ጩኸት ራሴን አዞረው፤ እስቲ በየተራ ቀቡልኝ።»

ዘበኛው ከበሩ ይልቅ መሬቱን አጠጣ። አናጺው ካቴናው እያንቃጨለ አፈሰሰና ተወው። ሰፊው ሁለት ጠብታ ጠብ አደረገ፤ ከዚያ እጁ ሳያስበው ኪሱ ገብቶ ቁራጭ ጨርቅ አወጣና ትርፉን ጠረገ።

«አናጺ ዘይት አይጠርግም» አለች መርማሪዋ። «ሰፊ ግን የስፌት መኪናውን ቀብቶ ካልጠረገ የሰው ጨርቅ ይበላሽበታል። የስምንቱም በር ማጠፊያ ተቀብቶ ተጠርጓል። የባልቴቷም።»

«ዘይት መጥረግም ወንጀል ሆነ?» ሰፊው ሳቀ።

«አልሆነም። ስምንቱም ቤት መጋረጃ የሰቀልከው ግን አንተ ነህ። ልትለካ ስትገባ በሩን ትቀባለህ፤ ሰው እስኪረሳህ ዓመት ትጠብቃለህ። ባልቴቷ ስትቀባ አየችህ፤ ደግሞ አመሰገነችህ። ምስጋናዋ የሌሎቹ ሴቶች ጆሮ ሳይደርስ ገፋሃት። አሁን ሱቅህ ተፈትሿል።»

አንድ ፖሊስ ጭምብል ዘረጋ። ስምንተኛዋ ተጠቂ ጨርቁን አየችና ግድግዳ ያዘች፤ ከመኝታ ቤቷ መጋረጃ የተረፈ ነበር።

ሰፊው ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ካቴናው ከአናጺው እጅ ወደ እሱ ዞረ።

አናጺው ወደ ቤቱ ሲያመራ ጎረቤቱ ሁሉ መሬት መሬት እያየ መንገድ ለቀቀ። ስምንተኛዋ ብቻ ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።»

«ገና ነው እህቴ» አላት። «መጀመሪያ ልጄን ልያት።»

ፈቀቅ አለችለት።