የሌለ ተራ

በዚያ ሰፈር እንደ እሷ ፎርም የሚሞላ አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም ቀድማ የምትናገረው እሷው ናት። ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ብታቋርጥም፣ አገጯን ቀና አድርጋ «እኔ ብዕር ከያዝኩ የማይከፈት በር የለም፤ የእኔን ማመልከቻ ሚኒስትር ቢያነበው መሀረብ ያወጣል» ትላለች። አፏ ስለማያርፍ ሰፈርተኛው «ጠበቃዋ» ብሎ ሰይሟታል። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ወይ ልጅነት! ያቺ ብዕር የማንን በር እንደምትዘጋ ማን በነገራት?

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ክፍል እናቷ የሆቴል አንሶላ እያጠበች ትተኩሳለች፤ ስለዚህ ቤቱ ጠዋት ማታ የሳሙናና የካውያ ሽታ አለው። አባቷ በጦርነቱ ጊዜ የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበር፤ ዛሬም ሰው ሁሉ የሚጠራው ሹፌሩ እያለ ነው። ከጦር ሜዳ ሲመለስ የጥፍር ያህል ብረት በግራ ትከሻው አጥንት ሥር ይዞ መጣ። እንዴት እንደቆሰለ አውርቶ አያውቅም። ስለ ብረቱ ከጠየቁት «ተከራዬ ነው፤ ኪራይ አይከፍልም እንጂ ጨዋ ነው» ብሎ ያስቃቸው ነበር። ጨዋው ተከራይ ግን አንድ ቀን መንቀሳቀስ ጀመረ። የግራ እጁ ጣቶች ይደነዝዙ፣ ሳልም ያጣድፈው ጀመር። የጤና ጣቢያው ሐኪም ብረቱ ካልወጣ ሳንባውን ሊወጋ እንደሚችል ነገራቸው። እንዲህ ያለው ቀዶ ጥገና በነጻ የሚሠራው በጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ነው፤ እዚያ ለመግባት ደግሞ የጦር ጉዳተኞች ጽሕፈት ቤት ቁስሉን ማመን አለበት። ለዚህም ፎርም ይሞላል።

ፎርም! ለጠበቃዋ ሠርግና ምላሽ ሆነላት።

በሦስተኛው ገጽ ላይ ሁለት ሰዎች ተስለዋል፤ አንዱ ፊቱን፣ አንዱ ጀርባውን የሰጠ። የቆሰሉበትን ቦታ በኤክስ ምልክት ያሳዩ ይላል። አባቷ ሸሚዙን አውልቆ ዞረላትና እንዳየሽው ሙይ አላት። ብዕሯ ወደ ባለ ጀርባው ሰውዬ ሄደችና ቆመች። አንድ ቀን ቧንቧ ላይ በወረፋ ሲጣሉ አንዲት እኩያዋ የወረወረችባት ነገር ትዝ አላት። «አባትሽ የተመታው ጀርባውን ነው። ጀርባውን የሚመታ ማን እንደሆነ ደግሞ ይታወቃል።» ያን ቀን ያ የማያርፍ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጥቶ ነበር። አሁን መልሱ ብዕሯ ጫፍ ላይ መጣ። ኤክሷን ባለ ፊቱ ሰውዬ ደረት ላይ አስቀመጠችው። ከሥሩም «ከጠላት ጋር ፊት ለፊት ሲተናነቅ» ብላ ጨመረችበት። አባቷ ዓይኑ ቅርብ ያለ ፊደል አይለይም፤ እናቷ አልተማረችም። እሱ የነገራትን ብቻ ጮክ ብላ አነበበችለትና አውራ ጣቱን ቀለም ነክራ አስፈረመችው። ከፍቅር ነበር ያደረገችው! ግን ፍቅርስ ቢሆን እንዲህ ያለ ሥልጣን ማን ሰጠው?

አባቷ ከሐኪሞች ቦርድ ሲመለስ ደስ ብሎት ነበር። ደረቱን ሦስቱም ሐኪሞች እየተቀባበሉ እንደዳሰሱት፣ ደጋግመው እንዳዩት እየሳቀ አወራ። «ጎበዞች ናቸው፤ ደህናውን ቦታ እንኳን አይንቁም፤ ቁስሉንማ ፎርሙ ላይ አይተውታል» አለ። እሷ ብቻ አልሳቀችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። እናቷ ከነሳሙና አረፋዋ ወጥታ ቆመች፤ አባቷ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ጠበቃዋ በዓይኗ አነበበችው። አመልካቹ ደረታቸው ላይ ቆስያለሁ ቢሉም ደረታቸው ላይ ጠባሳ አልተገኘም። ሐሰተኛ መረጃ ማቅረብ በሕግ ያስጠይቃል። ቀርበው እስኪያስረዱ ድረስ መዝገቡ ተዘግቷል… በሕግ ያስጠይቃል! ያን አንሶላ የሞላበት ቤት ፖሊስ ሲገባበት፣ አባቷ በካቴና ሲወጣ ታያት።

«ምን ይላል ጠበቃዬ?» አለ አባቷ።

«ተራ ጠብቁ ይላል» አለች። «ቁጥራችን አርባ ነው።»

አርባ ከየት እንደመጣላት ራሷም አታውቅም። አባቷ ግን አመነ። ክፍሉን አቋርጦ በተወጠረው ሲባጎ ላይ አርባ የልብስ መቆንጠጫ ደረደረ። እሷ ሰኞ ሰኞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ እሄዳለሁ ብላ ትወጣለች፤ በሩ ድረስ ትሄድና ዘበኛውን አይታ ትመለሳለች። ሠላሳ ስምንት ደረስን ትላለች፤ አባቷ ሁለት መቆንጠጫ ያነሳል። ሠላሳ ሰባት ትላለች፤ አንድ ያነሳል። መጀመሪያ በግራ እጁ ነበር የሚያነሳው። ሃያዎቹ ላይ ሲደርስ የግራ ጣቶቹ መቆንጠጫውን መጫን አቃታቸው፤ በቀኝ እጁ ቀጠለ። አሥራዎቹ ላይ ሲስል መሀረቡን አጥፎ በፍጥነት ኪሱ ይከት ጀመር። እሷ ግን መሀረቡን የምታጥበውን የእናቷን ፊት አይታ በደም መቅላቱን አወቀች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ፖሊስ ይመስላታል። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ አልጋ ሥር ገብታ ታውቃለች። ብትናገር አባቷን ይወስዱታል፤ ዝም ብትል ብረቱ ይወስደዋል። ምን ታድርግ? ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ያቺን ቤት አላያትም፤ እዚያ ዝምታ ከነነፍሱ ነቅዞ የአንድ ሰው ክንድ እየበላ ነበር። ሲባጎው ባዶ እየሆነ ሄደ። ስምንት… አምስት… ሦስት… ዜሮ ሲደርስ ምን ልትል ነው? ስታዘገየው አባቷ ያስላል፤ ስታፈጥነው ሲባጎው ያልቃል።

ሰባት ወር አለፈ። በአንድ ሰኞ ጠዋት ስትነሳ አባቷ የጥንት የወታደር ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ቆሟል። ቁልፎቹን እናቷ ነበረች የምትቆልፍለት። ሲባጎው ላይ አንድ መቆንጠጫ ቀርታ ነበር፤ አንስቶ ደረት ኪሱ ከተታት።

«ዛሬ አብሬሽ ነው የምሄደው» አለ።

«አባዬ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው።»

«ይምጣ። ተራችን ነው።»

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች፣ ማኅተም ከእጇ የማትለይ ጸሐፊ ተቀምጣለች። አባቷ ፊቷ ቀጥ ብሎ ቆመ። ተራ ቁጥር አንድ መሆኑን ነገራት።

«የምን ተራ፣ አባቴ?» አለች ጸሐፊዋ። «እዚህ ተራ የለም። የመጣ ይስተናገዳል።»

አባቷ ጸሐፊዋን አላያትም። ቀስ ብሎ ወደ ልጁ ዞረ። ምነው ያን ጊዜ በተቆጣት! ምነው በመታት! ጸሐፊዋ መዝገቡን አወጣች፤ ኤክሷን አየች፤ የተላከውን ደብዳቤ አነበበችላቸው። ጠበቃዋም ከሰባት ወር በኋላ አፏን ከፈተች፣ ሁሉንም ተናገረች።

«ለምን?» አላት አባቷ።

«ጀርባውን ሰጠ እንዳይሉህ ብዬ…»

«ሹፌር ነበርኩ እኮ። ቁስለኛ ጭኜ ከግንባር እየነዳሁ ነው የተመታሁት። የቦምቡ ፍንጣሪ ከኋላ ባይመጣ ከየት ይምጣ?»

ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ደም ሆነና የተተኮሰው ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ። ጉልበቱ ታጥፎ መሬት ተቀመጠ። ጸሐፊዋ አምቡላንስ ጠርታ፣ የአስቸኳይ ሕክምና ወረቀት እየጻፈች፣ እያተመችም፣ ቀና ሳትል ተናገረች። «እንዲህ ያለ ስህተት በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ደብዳቤው በደረሰሽ ማግስት ብትመጪ ቁጭ ብለን እናስተካክለው ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።»

በሆስፒታሉ ኮሪደር እናትና ልጅ ግማሽ ቀን ጠበቁ። የእናቷ እጅ አረፋው ደርቆበት ነጭ ሆኖ ነበር። ሐኪሙ ሲወጣ ብረቱ እንደወጣ፣ ነፍሱም እንደተረፈች ነገራቸው። የግራ እጁ ግን ከእንግዲህ መሪ አይጨብጥም። ነርቩ ሞቷል። «ከስድስት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ…» አለና ተወው። ነርሷ ልብሱን በፌስታል ሰጠቻቸው። ጠበቃዋ ስትከፍተው ደም ከነካው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ያቺ አንድ መቆንጠጫ ወጣች። ያን ጊዜ ነው እናቷ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው።

በሦስተኛው ቀን እንድትገባ ፈቀዱላት። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ የሞተውን እጅ ጉንጯ ላይ አስደገፈችው፤ እጁ አልተሰማውም። የሰው ልጅ ከዕድሉ ወዴት ይሸሻል? የተጻፈስ ይፋቃል ወይ? ሌላዋ ልጅ ለአባቷ መከታ ስትሆን፣ እሷን ለገዛ አባቷ ጠላት አድርጎ የፈጠራት ምን ዓይነት ክፉ ዕጣ ነው? እያለቀሰች ይህንኑ ሁሉ ነገረችው፤ ዕድሏን ረገመች፣ የተወለደችበትን ቀን ረገመች፣ ግንባሯ ላይ የተጻፈውን ረገመች።

አባቷ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ በደህናው እጁ ራሷን ዳበሰ።

«ጠበቃዬ» አለ፣ «ዕድል ፎርም አይሞላም። አንቺ ነሽ የሞላሽው።»